የአማቱ መንጋጋ

ሰው የሚወደው ነገር አያጣም። አንዱ መኪና ይወዳል፣ አንዱ ኳስ፣ አንዱ ደግሞ የጎረቤቱን ጉዳይ። የዛሬው ሰውዬ የሚወደው የመንጋጋ እጢ ነበር። ያውም ተራውን አይደለም። በበሰበሰ ጥርስ ሥር ውሃ ቋጥሮ የሚያብጠውን፣ በየቀኑ የሚመጣውን፣ ሲስት የሚሉትን ሲያይ ያዛጋል። መጻሕፍት በግርጌ ማስታወሻ ብቻ የሚያነሡት፣ ስሙን ለመጥራት ትንፋሽ መሰብሰብ የሚያስፈልገው ዓይነት ሲመጣለት ግን ምሳውን ይረሳል፤ ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፍቶ ለብቻው ይስቃል። "እንኳን መጣህልኝ!" ሲል የሰሙት አሉ። የእጢው ባለቤት እንደዚያ ብሎ እንደማያውቅ ግልጽ ነው።

ሰውዬው የመንጋጋ ፓቶሎጂስት ነው። ቀዶ ሐኪሞች ከሰው መንጋጋ ቆርጠው በጠርሙስ የሚልኩለትን ቁራጭ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አስሳስቶ፣ ቀለም አስነክሮ፣ በመስታወት ላይ ያየዋል፤ አይቶም ምን እንደሆነ ይናገራል። እሱ "ይፋቅ" ካለ ይፋቃል፤ "ይቆረጥ" ካለ ይቆረጣል። ሆስፒታሉ በሙሉ ከኋላው "ዶክተር ብርቅዬ" ይለዋል። ስሙን ሰምቶታል፤ ሙገሳ መስሎት ደስ ብሎታል።

ሥራውን የሚወድበት ሌላም ምክንያት አለው። ቁራጭ ሥጋ አያማርርም። "ሌሊቱን አላስተኛኝም" አይልም፤ ስለ አንድ ቁርጠት ለመናገር ከአዳም አይጀምርም። በጠርሙሱ ውስጥ ዝም ብሎ ተራውን ይጠብቃል። ዶክተር ብርቅዬ ሕመምተኛ የሚባለውን ፍጥረት ከነአንደበቱ ካየ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ቤቱ ያሉትን አማቱን ሳይጨምር።

አማቱ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት እነሱ ጋ ነው። የሚያማቸው ብዙ ነው። ዝርዝሩን እሱ አንድም ቀን እስከ መጨረሻው አልሰማውምና እኛም ለጊዜው እንለፈው። ጠዋት ጠዋት ሹራባቸውን ደርበው ኮሪደሩ ላይ ቆመው ይጠብቁታል። "እንዴት አደሩ እማማ?" ይላል ሳይቆም። "ኧረ ምን ማደር አለ..." ሲሉ በሩ ተዘግቷል። ማታ ድንገት ከተያዘም መድኃኒቱ አንድ ነው፤ "ዕድሜ ነው እማማ" ይላቸዋል። ሚስቱ "እማዬን አንዴ እንኳ እያት እንጂ" ስትለው "እኔ የመንጋጋ ሐኪም ነኝ" ብሎ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።

እሳቸውም ቢሆኑ ዝም ብለው አይተኙለትም። ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ እንኳ በስሙም፣ "አንተ" ብለውም አይጠሩትም። "ዶክተሩ ጨው ይጨመርለት" ይላሉ ለልጃቸው። "ዶክተሩ ዛሬም ቸኩሏል፤ የሞተ ጥርስ ይጠብቀዋል።" ከሠርጉ ቀን ጀምሮ ዓይናቸው እንደጠላው እርግጠኛ ነበር። እሱም አልተቀየማቸውም፤ ለመቀየም እንኳ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ሚስቱ፣ "እማዬ፣ ግራ ጉንጭሽ አብጧል እንዴ?" አለች።

ዶክተር ብርቅዬ ማንኪያውን እንደያዘ ቀና አለ። ከዚያ ማንኪያውን አስቀመጠ። ተነሥቶ እጁን ታጥቦ መጣና አገጫቸውን ይዞ የመንጋጋቸውን አጥንት በአውራ ጣቱ ተጫነው። አጥንቱ እንደ እንቁላል ቅርፊት ሳስቶ ኖሮ ከጣቱ ሥር እሺ አለ።

"ያማል እማማ?"

"አያምም።"

"መቼ ጀመረዎት?"

አማትየው ለመመለስ ጊዜ ወሰደባቸው። ደንግጠው ነበር፤ በእብጠቱ ሳይሆን በጥያቄው ነው።

በማግሥቱ ራጅ ተነሡ። ከኋለኛው መንጋጋ ጥርስ እስከ አገጫቸው ድረስ የአጥንቱ ውስጥ ተቦርቡሯል። ዶክተር ብርቅዬ ፊልሙን በሚያበራው ሰሌዳ ላይ ሰቅሎ በኮሪደሩ የሚያልፈውን ሁሉ ይጠራ ጀመር።

"ና እስኪ፣ ይሄን እይልኝ!"

"አቤት! የማን ነው?"

"የአማቴ ነዋ!" ይላል፣ ልጁ አንደኛ የወጣለት አባት ይመስል።

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው እውነት ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ጠርሙስ ሲጠባበቅ፣ ብርቁ በገዛ ገበታው ላይ ተቀምጦ ሾርባ ይጠጣ ነበር።

በእነዚያ ሳምንታት ለአማቱ ያልሆነላቸው ነገር የለም። የመኪና በር ይከፍትላቸዋል፤ ደረጃ ላይ ክንዳቸውን ይደግፋል፤ ገና ከመኝታቸው ሳይነሡ "እስኪ ይክፈቱልኝ" እያለ በትንሽ ባትሪ አፋቸውን ያያል። ከአፋቸው የሚወጣውን ቃል ግን አሁንም አይሰማም፤ አፋቸው ሲከፈት የሚያየው ወደ ውስጥ ነው። እሳቸው ይህን ልዩነት አላወቁትም። አጥር ለአጥር የሚያወጓትን ጎረቤታቸውን "ዘንድሮ ዶክተሩ ወደደኝ" ሲሏት ልጃቸው ሰማች። ፌዝ የሌለበት ነገር ስለ ባሏ ሲናገሩ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር፤ እንባዋ መጣ።

ቀዶ ሐኪሟ ጣቷ የፈጠነ፣ ቃሏ ያጠረ ሴት ናት። አማትየውን ወንበሩ ላይ አጋድማ፣ አፋቸው እንዳይገጥም በጎን የጎማ መደገፊያ አስገብታ፣ መብራቱን አስተካክላ ስታበቃ፣ "ሌላ የሚያምዎት ነገር አለ እናቴ?" አለቻቸው። ሕመምተኛው አፉን በብረትና በጎማ ከሞሉት በኋላ ጥያቄ መጠየቅ የዚህ ሙያ ሰዎች ሁሉ አመል ነው። መልሱን ከጎን የቆመው ሰው ይመልሰዋል።

"አኧ..." አሉ አማትየው። እጃቸውን አንሥተው መጀመሪያ ጉልበታቸውን፣ ቀጥሎ ወገባቸውን፣ ቀጥሎ ሆዳቸውን አመለከቱ።

"ምንም የለባቸውም" አለ ዶክተር ብርቅዬ። "ዕድሜ ነው። እኔ አይደለሁ እንዴ የማውቃቸው!"

"አኧኧ!"

"እማማ ይረጋጉ፤ ምላስዎን ይቆርጡታል።"

ቀዶ ሐኪሟ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሳቸውን አየች። ሌላ ሕመምተኛ ቢሆኑ ደማቸው እንዲታይ ታዝዝ ነበር። ነገር ግን የመንጋጋን ነገር ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ሴትየዋ ደግሞ የገዛ ቤቱ ሰው ናቸው። ዝም ብላ ናሙናውን ወሰደች። የአፍ ወለምታ በቅቤ ቢታሽ አይድንም ይባላል። ይህችኛዋ ለጊዜው ወለምታም አልመሰለች፤ ማንም ሳያነክስባት አለፈች።

ናሙናው በመስታወት ላይ ሲታይ ግዙፍ ሴሎች ሞልተውበታል፤ እያንዳንዱ በሆዱ ብዙ ኒውክለስ ያጨቀ። ዶክተር ብርቅዬ ረዥም ትንፋሽ ለቀቀ። ይህ እጢ በጉልበት አጥንት ላይ ይታያል እንጂ በመንጋጋ ላይ አየሁት የሚል ሐኪም ወይ ዕድለኛ ነው ወይ ውሸታም። እሱ አሁን ዕድለኛ ሆነ። በዚያው ዕለት ለሙያ ማኅበሩ ጉባኤ ጽሑፍ አቀርባለሁ ብሎ ላከ።

"እርግጠኛ ነህ?" አለችው ቀዶ ሐኪሟ።

"እንደ ስሜ።"

"እንግዲያውስ መፋቅ አይበቃውም። ግማሽ መንጋጋቸው ነው የሚወጣው።"

"ይውጣ" አለ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ቀላል ነበር።

እቤት ግን አልቀለለም። ግማሽ መንጋጋ ማለት ግማሽ ፊት ማለት ነው። ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ይገባል፤ በአጥንቱ ፋንታ ብረት ይገባላቸዋል፤ ለረዥም ጊዜ ፈሳሽ እንጂ ሌላ አይቀምሱም። ሚስቱ አለቀሰች። አማትየው አላለቀሱም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

"መናገርስ?"

"መጀመሪያ ይከብድዎታል። ቃሉ ትንሽ ይኮላተፋል። ምናልባት እንደዚያው ይቀር ይሆናል። ግን ይለመዳል እማማ።"

"ዶክተሩስ ይለምደዋል" አሉ።

ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ሲሰማ ልቡ ጥቂት ተሸበረ። ሆኖም ለጉባኤው የሚያስፈልጉት ፎቶዎች ገና አልተነሡም ነበርና ሐሳቡ ቶሎ ወደዚያ ሄደ።

ቀዶ ጥገናው ሊደረግ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ፣ አማትየው ቤተሰቡን ለምሳ ሰበሰቡ። የሚስቱ ወንድምም መጣ። ይህ ሰው ሲቀመጥ ከወንበሩ ይተርፋል፤ ዶክተር ብርቅዬ በግድግዳውና በእሱ መካከል ተሰነቀረና እንደ ልማዱ ስልክ ተደውሎልኛል ብሎ ውልቅ የሚልበት ቀዳዳ አጣ። አማትየው ምግባቸውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉ።

"አፌ ሊዘጋ ነው አሉ" ብለው ጀመሩ። "እስኪዘጋ ድረስ ግን የራሴ ነው። ዛሬ ማንም 'እማዬ ይበቃሻል' እንዳይለኝ። ዶክተሩም 'ዕድሜ ነው' እንዳይል።"



"አጥንቴን ያመኛል። ጉልበቴን አላልኩም፤ አጥንቴን ነው ያልኩት። ክንዴን፣ ወገቤን፣ ጎኔን። ሌሊት ውሃ ስጠጣ፣ የጠጣሁትን ስሸና ይነጋል። ሆዴ ከደረቀ ዘመን የለውም። ከኩላሊቴ ጠጠር ሲወጣ ጩኸቴ ጎረቤት የደረሰ ጊዜ፣ ዶክተሩ 'ወጣ አይደል፣ ምን ቀረ?' አለ። የቀረውማ ወንድሙ ነው፤ እሱም ወጣ። ከዚያ ወዲያ መጮህ አፍሬ ትራስ እየነከስኩ ነው የማወጣው። ድስት ጥጄ እረሳለሁ። ቁልፍ እረሳለሁ። ደግሞ ያለ ምንም ነገር አለቅሳለሁ። ሟቹን አስቤ ነው እንዳልል፣ እሱን በደንብ አልቅሼ ጨርሼዋለሁ። እንዲሁ ነው የሚከፋኝ፤ ሰው የሚጠላኝ ይመስለኛል..."

ዶክተር ብርቅዬ ማላመጥ ያቆመው "ወንድሙ" የተባለው ጠጠር ላይ ነበር። ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ቆሌው ተገፈፈ።

ግዙፍ ሴል የሚታየው በዚያ በብርቁ እጢ ብቻ አይደለም። በማንኛውም ሰው አንገት ውስጥ፣ ታይሮይድ ከሚባለው የጉሮሮ እጢ ጀርባ፣ ምስር የሚያካክሉ አራት እጢዎች ተሸጉጠዋል። ከእነሱ አንዷ ካበደች ካልሲየምን ከአጥንት እየዘረፈች ደም ውስጥ ትበትነዋለች። ያን ጊዜ አጥንት ያማል፤ ኩላሊት ጠጠር ያፈራል፤ ሆድ ይደርቃል፤ ውሃ ይጠማል፤ ልብ ያለ ምክንያት ይከፋዋል፤ መንጋጋም ተቦርቡሮ ያብጣል። በማይክሮስኮፕ ሥር ብርቁ እጢና ይህ ሕመም እንደ መንትያ ናቸው፤ የሚለያቸው የደም ምርመራ ነው። ይህኛው ሲሆን መንጋጋውን ቆርጦ መጣል ሌባውን ትቶ በሩን መፍለጥ ነው። ይህን የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። እያስተማረ እንዲያውቁ ያደረገው ደግሞ እሱ ራሱ ነው። በቃል ፈተና ላይ "ግዙፍ ሴል አየህ እንበል፤ ቀጥሎ ምን ታዝዛለህ?" ብሎ ይጠይቃል፤ "ካልሲየም" ያላለውን ያለ ርኅራኄ ይጥለዋል።

ጉርሻውን በግድ ዋጠው።

"እማማ፣ የጎንዎ አጥንት ሲነኩት ያምዎታል ወይስ ሳይነኩትም?"

ገበታው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። አማትየው ንግግራቸው ተቋረጠባቸውና ተቆጡ።

"ዶክተሩ ምነው? ገና አልጨረስኩም።"

"ይጨርሱ፣ ይጨርሱ" አለ። "አንድም እንዳያስቀሩ።"

ሚስቱ ግን ገብቷታል። "ይሄን ሁሉ ዓመት ስትነግርህ የኖረችውን ነው እኮ" አለችው።

በማግሥቱ ማለዳ ደማቸው ተቀዳ፤ ከቀትር በፊት ውጤቱ እጁ ገባ። እውነቱን ለመናገር፣ ወረቀቱን ሲያይ መጀመሪያ የተሰማው ሐዘን ነበር። ብርቁ አመለጠው። ጉባኤው፣ ፎቶው፣ የባልደረቦቹ ቅናት፣ ሁሉም እንደ ጉም በነነ። ለአፍታ እንዲያውም "ላቦራቶሪው ተሳስቶ ይሆናል" ብሎ ተመኘ። ከዚያ የተመኘው ነገር ምን ማለት እንደሆነ ገባውና ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። የሴትየዋ መንጋጋ እንዲቆረጥ ተመኝቶ ነበር። በራሱ አፈረ። ስልኩን አነሣ።

"ቀዶ ጥገናው ይቅር" አላት ቀዶ ሐኪሟን።

"ለምን?"

"ካልሲየማቸው ጣራ ነክቷል።"

"ምንም የለባቸውም ብለኸኝ ነበር።"

"ብዬሽ ነበር።"

"ይሄ እኮ ተማሪ የምትጥልበት ጥያቄ ነው።"

"ነው።"

"እና?"

"እና ወደቅኩ።"

በእሷ ቦታ ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። እሷ ግን ከነገ ወዲያ ቢላዋ ይዛ እዚያ መንጋጋ ላይ ልትቆም ነበርና መሳቅ አልመጣላትም። ስልኩን ዘጋችው።

ያበደችው እጢ ከአንገታቸው ወጣች። በአንዲት አጭር ጠባሳ ነገሩ አለቀ። መንጋጋቸውን የነካው ሰው የለም፤ የተቦረቦረው አጥንት ቀስ በቀስ ራሱን መሙላት ጀመረ። የጉንጫቸው እብጠት ጎደለ፣ ሕመማቸው ለቀቀ፣ ጠጠሩም ቀረ። ዶክተር ብርቅዬ ደግሞ ሌላ ተስፋ ይዞ ነበር። "አየሽ" ብሏት ነበር ሚስቱን፣ "ያ ሁሉ ቁጣ፣ ያ ሁሉ ሽሙጥ እኮ እናትሽ አልነበረችም። ካልሲየም ነው። ካልሲየም ሰውን ነጭናጫ ያደርጋል። አሁን ታያለሽ፣ እንዴት ያለች ወርቅ ሴት እንደምትወጣ።"

"እናያለን" አለች ሚስቱ።

አዩ። ካልሲየሙ ወርዶ በልኩ ቆመ። ከአማትየው የወጣው ግን ማስታወስ ነው እንጂ ወርቅ አይደለም። የጠፋባቸው ሁሉ ተመለሰ፤ የሠርጉ ቀን ዶክተሩ ምን እንዳለ፣ ባለቤታቸው በሞቱ ሰሞን ዶክተሩ የት ሄዶ እንደነበረ፣ ከነቀኑ ያስታውሱ ጀመር። ሽሙጡ ከበፊቱ የጠራ ሆነ። የካልሲየሙ አለመሆኑ ተረጋገጠ።

ማማረር ግን ቀረ። ጠዋት ኮሪደሩ ላይ የሚቆም ሰው የለም። ዶክተር ብርቅዬ መጀመሪያ እፎይ አለ፤ ጥቂት ቆይቶ በሩ ጋ ሲደርስ እርምጃው እየቀነሰ መጣ። አንዳንድ ቀን ቁልፉን የረሳ መስሎ ይመለሳል። እሳቸው ግን በዚያ ሰዓት ጓሮ ናቸው፤ ጉልበታቸው ስለዳነ ከጎረቤታቸው ጋር አትክልት ጀምረዋል።

ጉባኤውም ደረሰ። ርዕሱን ቀይሮ አቀረበ፤ "ግዙፍ ሴል ሁሉ ብርቅ እጢ አይደለም" የሚል። ራጁን አሳየ፤ መስታወቱን አሳየ፤ ግማሽ መንጋጋ ለጥቂት እንዴት እንደተረፈ ተረከ። "የሕመምተኛዋ የጤና ታሪክ በሚገባ አልተወሰደም ነበር" አለ። ማን እንዳልወሰደው አልተናገረም። አንድ አዛውንት ሐኪም እጃቸውን አውጥተው፣ "በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ቸልተኛ ሐኪም አለ ማለት ነው?" ሲሉ ጠየቁ። "አልፎ አልፎ ያጋጥማል" አለ ዶክተር ብርቅዬ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ተጨበጨበለት። ብርቅ እጢ ያቀረበ ጊዜ እንኳ እንደዚህ አልተጨበጨበለትም። ጭብጨባው እስኪያልቅ ድረስ መሬት መሬት ሲያይ ቆየ፤ ሰው ትሕትና መሰለው።

እቤት ሲገባ ሚስቱ አልነበረችም። አማትየው በጓሮው በር ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ከአፈር ያጥባሉ። ከውስጥ ወንበር አምጥቶ አጠገባቸው አኖረና ተቀመጠ። በዚያ ቤት ውስጥ ወንበር ይዞ ወደ እሳቸው ሲሄድ ይህ የመጀመሪያው ነው።

"እንዴት ዋሉ እማማ?"

"ደህና ነኝ።"

ጠበቀ። ሌላ ነገር አልተከተለም።

"አጥንትዎስ?"

"ደህና።"

"ሌሊት ውሃ መጠጣቱስ?"

"ቀረ።"

"ሆድዎ?"

አማትየው እጃቸውን በፎጣ እያደረቁ አዩት። ፊታቸው ሙሉ ነበር፤ ግራው ከቀኙ አይለይም።

"ይኸውልህ" አሉት። "አንተ" ሲሉት ሰምቶ አያውቅምና ደነገጠ። "ሲያመኝ ነበር መምጣት። ያኔ ብትመጣ የምነግርህ ነበረኝ። አሁን ደህና ነኝ። ደህና ሰው ጋ ተቀምጠህ ምን ታደርጋለህ?"

"እንዲሁ... ልጫወት ብዬ ነው።"

"ተጫወታ።"

ዶክተር ብርቅዬ አፉን ከፈተ። ከበሽታ ሌላ የሚጠይቃቸው ነገር ፈለገ። የት እንዳደጉ፣ ሥራቸው ምን እንደነበረ፣ ምን እንደሚወዱ፣ አንዱንም አያውቅም፤ ከየቱ እንደሚጀመርም አያውቅም። ጥርሳቸውን በስም ከነቁጥሩ ያውቃል። ከዚያ በላይ ፈልጎ አጣ። ዓይኑ እንባ ሲያቅር ተሰማውና ወደ አትክልቱ ዞረ።

አማትየው በትዕግሥት ጠበቁት። መጠበቅ ያውቁበታል። ከዚያ ጉልበታቸውን ሳይዙ ተነሥተው ውሃ ማጠጫውን አነሡ።

"የምትጠይቀኝን ስታገኘው ጥራኝ" አሉት። "ቃሪያው ጋ ነኝ።"